ከቀለሙ በፊት መዝገቡ፦ ለደሴ ሙዚየም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ገንዘብ ለመጠየቅ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እኛ በጎ ፈቃደኞቹ የምንለምነው ለደሴ ሙዚየም ነው። ከገንዘቡ እኩል የምንፈልገው ሌላ ነገርም አለ፤ እሱ ያለው በየቤታችሁ፣ አልጋ ሥር በተገፋ ሳጥን ውስጥ ነው። ኋላ እመለስበታለሁ።

ሙዚየሙ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን የደሴ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር 27 በነበሩት ሳምንታት ሱቁም፣ ቢሮውም፣ ሆስፒታሉም ሲራቆት ሙዚየሙም አልተረፈም። ማን ወሰደ፣ ማን አሳለፈ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታና የራሱ ሰዎች አሉት፤ እዚህ አላነሳውም። እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነው። አንድ ዕቃ ጠፋ ብሎ ለመክሰስ መጀመሪያ ምን እንደነበረ ማሳየት ያስፈልጋል።

«አንድ ጋሻ ጠፍቷል» ተብሎ ለፖሊስም ሆነ ለጉምሩክ ቢነገር ማንም ፈልጎ አያገኘውም። አገሩ ጋሻ አያጣም። ወርዱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የጎሽ ቆዳ ነው ወይስ የጉማሬ? ፊቱ ላይ ካሉት ጌጦች የወለቀ አለ ወይ? ከጀርባው ያለው ማንገቻ ጠፍር ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል ወይ? ያቺ ሲባጎ ናት ጋሻውን ከሺህ ጋሻ የምትለየው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሙዚየሞች የሚሞሉት የመለያ ቅጽም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ዓይነቱን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልኩን፣ ያለበትን ጽሑፍ፣ የተለየ ምልክቱን፣ ከዚያ ፎቶግራፉን። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለ ምዝገባም ደንግጓል። አዋጅ ግን ካሜራ አይገዛም።

በመካከላችን መጀመሪያ ግድግዳው ቀለም ይቀባ፣ አዲስ የመስታወት ሳጥን ይሠራ፣ ደጁ ላይ ትልቅ ታፔላ ይሰቀል ያሉ ነበሩ። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ጎብኚም ያማረ ቤት ሲያይ ይገባል። እኔ ግን ያልተመዘገበ ዕቃ በሚያብረቀርቅ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ሌባ ገበያ መዘርጋት ነው ብዬ ተከራከርኩ። ድምፅ ተሰጠ፤ በጥቂት ድምፅ ረታን። ስለዚህ ይህ ጥሪ ሪባን ለሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። የተረፈው፣ የተመለሰውና አዲስ የሚገባው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲለካ፣ ፎቶ እንዲነሣ፣ ቁጥር እንዲሰጠው ነው። ቀለሙ ይደርሳል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ቁጥር መጻፍ ብቻውን ሙያ ነው። ብራና ላይ የሚጻፈው በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም። ጥልፍ ቀሚስ ላይ ማጣበቂያ አይነካም፤ ቁጥሩ በቁራጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተጽፎ በቀጭን ክር ጠርዙ ላይ ይሰፋል። ጌጥና የብረት ዕቃ ሲነካ ጓንት ይደረጋል፤ ለብራና ግን ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጓንት ያደረገ ጣት ገጹን ሲገልጥ አይሰማውምና ይቀደዳል። ይህን የማያውቅ ቅን በጎ ፈቃደኛ ከሌባ ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ስለሆንኩ ነው የምናገረው።

ከዚያ ደግሞ ክረምቱ አለ። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ይዞ ሲወርድብን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ እንኳ ሻጋታ ያወጣል፤ ቆዳና ብራናማ ምን ይሁን። የብራና መጽሐፍ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጋም፣ በላስቲክ አይታፈንም። ሙዚየሙ ያለው ደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ይኖሩበት በነበረው ቤት ነው፤ ቤቱ ራሱ ቅርስ ነውና እንደ አዲስ ሕንፃ በተፈለገበት ሚስማር አይመታበትም። አሮጌ ግድግዳን የሲሚንቶ ልስን ለጊዜው ያሳምረዋል፤ እርጥበቱን ግን ውስጥ አፍኖ ከሥር ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በየክፍሉ የእርጥበት መለኪያ፣ ከግድግዳ ርቆ የሚቆም የብረት መደርደሪያ፣ ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀትና ካርቶን ያስፈልጋል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አውጥታችሁ የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ታውቋታላችሁ? እሷን በትልቁ፣ በብዛት እንፈልጋለን። ካሜራ ከነማቆሚያው፣ ስካነር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፤ ከሁለቱ አንዱ ከደሴ ውጭ ይቀመጣል። ይህን የመጨረሻውን ለምን እንዳልኩ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ሰው ነው። ታሪክ ያጠና፣ እጁ የማይቸኩል፣ ጽሑፉ የሚነበብ አንድ መዝጋቢ ለአንድ ዓመት መቅጠር እንፈልጋለን። በጎ ፈቃደኛ ቅዳሜ ይመጣል፤ መዝገብ ግን ሰኞም ማክሰኞም ተጎንብሶ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ስሌቱ ይኸውላችሁ፦ 100 ሰው በወር 200 ብር ቢያዋጣ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። አንድ ባለጸጋ አንዴ ጥሎ ከሚያልፈው ትልቅ ቼክ ይልቅ ይህን የመቶ ሰው ትንንሽ መዋጮ እመርጣለሁ። ቼኩ ከመጣ ደግሞ አንመልስም።

«ደሴ ምን ታሪክ አላት፣ ላሊበላ አይደለች፣ ጎንደር አይደለች» የሚሉን አሉ፤ የራሳችን ሰዎችም ይሉታል። ፊት ላኮመልዛ ይባል የነበረው ቦታ ደሴ የተባለው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ነው ይባላል። የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በ1870 እዚሁ አጠገባችን ነው የተካሄደው። ከዚያ በኋላ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ደሴ ላይ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ጫኑ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ድሀና ባለጸጋ አብሮ ግብር እንዲበላበት ያሠሩት አዳራሽ ስሙ እስከ ዛሬ አይጠየፍ ነው። ከልጃቸው ከወይዘሮ ስኂን እቴጌ መነን ተወለዱ፤ ስንቶቻችን ፊደል የቆጠርንበት ትምህርት ቤትም የወይዘሮ ስኂንን ስም ይዟል። ይህ የነገሥታቱ ወገን ነው። የእስልምና ሊቁ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ የገጠሙት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በብራና ያቆየው፣ ሁለቱም የዚሁ የወሎ ጽሑፍ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሁለቱን የሚያሳይ ሙዚየም ከደሴ ሌላ የት ይሁን?

ከደሴ የወጣ በዓለም የታወቀ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው የሚታዩበት። በዚያ ቀን የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። (ከተማዋ ከቅርቡ ጦርነት የወጣችበት ቀን ኅዳር 27 ነው። ኅዳር በእኛ ላይ ምን እንዳለው አላውቅም።) ፎቶውን ሁሉም ያውቀዋል። ከፎቶው ጠርዝ ወዲያ ያለችውን ደሴ ግን፣ ቤቱ የነደደበትን፣ ልጁን አቅፎ ወደ ገደሉ የሮጠውን ሰው ማን ያውቀዋል? በ1965 በወሎ የደረሰው ረሃብ ሲሸፋፈንም ገልጠው ካሳዩት ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ መጥተው ያነሱትን አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ከተሰለፉት ተርፈው ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። እነሱ የሚያውቁት ነገር መስታወት ውስጥ የለም።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ።

ባለፈው ጥር እኔና አንዲት ተማሪ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚኖሩ እናት ቤት ሄድን። ሟች ባለቤታቸው በወጣትነታቸው የተነሱት ፎቶ እንዳለ ሰምተናል። ቡና ቀረበ። አቦሉ ሳይወርድ የመጡበትን ጉዳይ ማንሳት ነውር ነውና ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ አነሣሁት።

«ወስዳችሁ ሙዚየም ልታስገቡት ነው?» አሉኝ።

«የለም እማማ፤ እዚሁ ጠረጴዛዎ ላይ በካሜራ አንሥተን እንመልስልዎታለን።»

«ያኔ የተወሰደው መች ተመለሰ?»

መልስ አልነበረኝም። ተማሪዋም ሲኒዋን አየች። እሳቸው ግን ብዙ አላስጨነቁንም፤ ተነሥተው ከሳጥኑ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር አወጡና «በል እዚህ ላይ ፈርም» አሉኝ። ባለቤታቸው የቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ጸሐፊ ስለነበሩ አሮጌው ደብተር እቤት ቀርቷል። አንድ ፎቶግራፍ ለግማሽ ሰዓት ተውሻለሁ ብዬ፣ መዋጮ ካልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር በታች ፈረምኩ።

እኔ ፎቶውን ሳነሣ ተማሪዋ ደብተሩን ትገልጥ ነበር። ድንገት «ጋሼ፣ ይህን እየው» አለችኝ። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ገጽ ነው። ለድንኳን፣ ለከፈን፣ ለቡና፣ ለስኳር የወጣው ሳንቲም ሳይቀር ተጽፏል። የከፋዩ ስም በተራ ቁጥር ይወርዳል፤ አንዱ ገብረ፣ ቀጥሎ አሕመድ፣ ቀጥሎ ወልደ፣ ቀጥሎ ሰይድ ብሎ የሚጀምር። ቀብሩ በመስጊድ በኩል ይሁን በቤተ ክርስቲያን ከዝርዝሩ መለየት አይቻልም። ስለ ወሎ አብሮነት የሰማሁት ንግግር ሁሉ አንድ ላይ ቢከመር ያቺን ገጽ አያህልም። የሄድነው ለፎቶው ነበር፤ ያገኘነው ደብተሩን ነው። እማማ ግን ደብተሩን ለማንሣት ሌላ ቀን ኑ አሉን፤ የቅሬው ዳኛ ሳይጠየቅ አይሆንም። ትክክል ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን መሰል ነገር ነው። የቅሬ ደብተር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ መንዙማ የተቀዳበት ካሴት። ሪያድ፣ ጂዳ፣ ዱባይና ቤይሩት ሠርታችሁ ቤተሰብ ላቆማችሁ እህቶቻችን በተለይ፦ ደብዳቤ ከመጻፍ ብላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ የላካችሁት ካሴት፣ የመጀመሪያው ፓስፖርታችሁ፣ ይህ የደሴ ታሪክ ነው። ከእናንተ ስደት ሌላ የዚህን ከተማ ያለፉ 40 ዓመታት የሚናገር ነገር ጥቂት ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም ለሙዚየም ይሆናል ብሎ አልጠየቃችሁም። ዕቃውን አሳልፋችሁ መስጠት አይጠበቅባችሁም። እናነሣዋለን፣ የምታውቁትን እንጽፋለን፣ እንመልሳለን። እንዲታይ የማትፈልጉት ገጽ ካለ ይሸፈናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ መዋጮ የሚሰጠው ሙዚየሙ ድረስ በመምጣት በደረሰኝ ነው፤ በውጭ ያላችሁ ደግሞ በየአላችሁበት ተሰብስባችሁ በአንድ ተወካይ በኩል አድርሱን። በግል ስልክ ወይም በግለሰብ የባንክ ሂሳብ ላኩልን የሚል ሰው ከመጣባችሁ ከእኛ አይደለም። በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በሙዚየሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የተመዘገበው ዕቃ ብዛትም ከጎኑ። ቁጥሩ ካነሰባችሁ መጥታችሁ ጠይቁን። በ2014 ከሙዚየሙ የወጣ የሚመስል ዕቃ በእጁ የገባ ወይም ሲሸጥ ያየ ሰው ካለ ለሙዚየሙ ወይም ለፖሊስ ያሳውቅ፤ ፎቶ ማንሣት ከቻለ ከጀርባውም ጭምር ያንሣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን እንጠብቃችኋለን። ፎቶግራፉ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ እባካችሁ ለመላጥ አትሞክሩ፤ ከነፍሬሙ አምጡት።