ይድረስ ለአባቴ፦ የዕለቱን ብቻ ይጻፉልኝ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ
ጎንደር

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔም ልጆቼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ ስንገናኝ ወሬያችን ከጤናና ከኑሮ ውድነት ስለማያልፍ፣ እርስዎም «በይ ሒሳብሽ እንዳያልቅ» ብለው ቶሎ ስለሚሰናበቱኝ፣ ረዘም ያለውን ነገር በወረቀት ማቅረብ መረጥሁ። ጉዳዩ ለፋሲካ በመጣሁ ጊዜ ያነሡልኝ የመጽሐፍዎ ነገር ነው።

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ «የማስተማር ዘመኔን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ርዕሱ ተመርጧል፤ የምዕራፎቹ ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት ተገልብጧል፤ መቅድሙማ እየተቀደደ ደጋግሞ ተጽፏል። ምዕራፍ አንድ ግን እስካሁን አልተጀመረም። ለዚህ የሚሰጡኝ ምክንያት ጊዜ ሰፋ ሲል፣ እንግዳ ሲቀንስ፣ ዓይኔ ሲሻለኝ የሚል ነው። በአክብሮት ልናገርና፣ እኔ የሚታየኝ ምክንያት ሌላ ነው። «መጽሐፍ መጻፍ» በአንድ ጠዋት የሚሠራ ሥራ ስላልሆነ፣ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ጠረጴዛው ዘንድ ቢቀመጥም እጁ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «ወደ ቆላ ድባ መጀመሪያ የሄድሁ ቀን ምን ይዤ ነበር?» ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ቢያንስ የሻንጣውን ቀለም ይጽፋል።

ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እኔም የተማርሁት ከእርስዎ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊት ሳይደግሙ ቁርስ ሲቀምሱ አይቼ አላውቅም። መቶ ኃምሳውን መዝሙር በየቀኑ ልጨርስ ቢሉ ኖሮ፣ ከሥራና ከልጆች ጋር እንዴት ይዘልቁት ነበር? አባቶች ግን ለሳምንቱ ቀናት አከፋፍለውታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሁድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ልብ ብዬ ስመለከተው የሚደንቀኝ ክፍፍሉ በቁጥር እኩል አለመሆኑ ነው። ረቡዕ ሃያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ረጅሙ 77ኛው መዝሙር ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ዓርብም ሃያ ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚረዝመውን 118ኛውን የተሸከመው ግን ዓርብ ነው። ያከፋፈለው ሰው የእያንዳንዱን ቀን ክብደት በእጁ የመዘነ ይመስለኛል። ስለዚህ «በቀን ይህን ያህል ገጽ» ብለው ለራስዎ ቁርጥ ደንብ እንዲያወጡ አልመክርም። ቀላል ትዝታ በአንድ ቀን ሁለት ገጽ ይሞላል፤ ከባዱ፣ ለምሳሌ እነዚያ ክፉ ዓመታት፣ በአንድ ሳምንት አንድ ገጽ ቢወጣው ብዙ ነው።

ከዚሁ ልማድዎ ሌላም የተማርሁት አለ። በክረምት ጉንፋን ጥሎዎት ሰኞና ማክሰኞ ሳይደግሙ ቢቀሩ፣ ረቡዕ ሲነሡ የሚከፍቱት 61ኛውን ነው እንጂ ያመለጠውን ስድሳ መዝሙር በአንድ ጠዋት ልወጣው አይሉም። ያለፈው ሰኞ በሚመጣው ሰኞ ይመለሳል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ውዝፍ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ተበዳሪው መክፈል የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሲያጣ ሳይሆን ያልተከፈለው ተጠራቅሞ ደብዳቤ ለመክፈት እንኳ ሲያስፈራው ነው። በእኛ ቤት ያየኋቸው ዕቅዶችም፣ የእኔንና የወንድሜን ጨምሮ፣ የሞቱት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ሳምንት ይዘለላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ይታቀዳል፣ እጥፉ አይሳካም፣ ከዚያ ጉዳዩ በቤት ውስጥ አይነሣም። እንግዲህ ጽሕፈቱም እንደ ዳዊቱ ይሁን። ለቅሶ ቤት የዋሉበት፣ ማኅበር የደገሱበት ቀን ያለ ጽሕፈት ይለፍ፤ በማግሥቱ የማግሥቱን ብቻ ይጻፉ።

አሁን ደግሞ የራስዎን ታሪክ ለራስዎ ልመልስልዎት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርስዎ ገና ጢም ያላቀመቀሙ ወጣት ነበሩ። ያን ያህል ሕዝብ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ማድረግ፣ ሲታሰብ የሚያደክም ነገር ነው። እርስዎ ግን የደረሰዎት ያ ሁሉ ሕዝብ አልነበረም፤ በደምቢያ አንድ ዳስ፣ አንድ ኩራዝ፣ ከእርሻ ደክመው የመጡ ገበሬዎችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ነበሩ። እንደነገሩን ከሆነ፣ በመጀመሪያው ምሽት ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት በሰባት ተደርድሮ 231 ሆሄ በግድግዳ ላይ ሲያዩ፣ አንድ ሽማግሌ «ይህማ ለልጆች ነው፣ የእኔ ዕድሜ አይበቃውም» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሊወጡ ነበር። እርስዎ ጋቢዎን አውልቀው ገበታውን በሙሉ ሸፈኑትና ከላይ አንዲት መስመር ብቻ ገልጠው «አባቴ፣ የዛሬው ይህችው ናት» አሏቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ስማቸውን ጻፉ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላውቅም፤ በወረቀት ላይ ግን የለም። አባባ፣ ያን የምዕራፎች ዝርዝር እባክዎ እንደዚያ ገበታ ይሸፍኑት። መሳቢያ ውስጥ ይግባና አንዲት መስመር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ትቅር።

የጎንደር ሰው ስለ ትዕግሥት ሲመክር የፋሲልን ግንብ ማንሣት ይቀናዋል፤ እኔ ግን አላነሣም። እውነት ነው፣ ግቢው የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም፤ ፋሲል የጀመረውን ልጁ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ፣ በኋላም በካፋና ምንትዋብ እየጨመሩበት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ይሁን እንጂ እነርሱ ግንበኛም ግምጃ ቤትም ነበራቸው፤ የደከመ ጉልበትና የፈዘዘ ዓይን ላለው ጡረተኛ መምህር የነገሥታት ሥራ ምን ምሳሌ ይሆነዋል? ከእነርሱ ይልቅ በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለት የዝማሬውን ሥርዓት፣ የሚማር ተማሪ ይቀርብዎታል፤ የዕለቱን ቀለም ከመምህሩ ተቀብሎ፣ ማታ እስኪዋሐደው እየደጋገመ ይለው የለም?

እንግዲህ እንዴት ይሁን? እኔ እንዲህ አስቤያለሁ፤ ያልተስማማዎትን ያሻሽሉት። ዳዊቱን ከዘጉ በኋላ መነጽሩ ከዓይንዎ ሳይወርድ፣ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ደብተሩን ይክፈቱ። ሰዓቱን እኔ አልወስንም፤ ዳዊቱ ራሱ ሰዓት ነው፣ ለአዲስ ልማድም ከአሮጌ ልማድ የተሻለ ቀስቃሽ የለም። ከምዕራፍ አንድ አይጀምሩ። ትዝታው ከሞቀበት ይጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉን በኋላ እኔ አስተካክለዋለሁ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ጥያቄ ጽፌ በፖስታ አድርጌ ልኬያለሁ፤ ጠዋት አንዱን ያውጡና ለእርሱ ብቻ ይመልሱ። የመጀመሪያ ደመወዝዎን ተቀብለው ምን ገዙበት? ከጎንደር ቆላ ድባ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ በእግር ነበር ወይስ በጭነት መኪና? ጠመኔ ሲያልቅ በምን ይጽፉ ነበር? ወደ ጭልጋ ሲዛወሩ እናቴ ምን አለች? ጥያቄዎቹ ጥቃቅን ናቸው ብለው እንዳይንቁብኝ። «የትምህርት ሥርዓቱ ችግሮች» የሚለው ምዕራፍዎ አንድም ሰው የለበትም፤ ስለ ጠመኔው የሚጽፉት መልስ ግን ያንኑ ችግር ሳይጠራው ያሳያል።

ዓይንዎ ወይም ጉልበትዎ በከፋበት ቀን ቀኑን፣ የአንድ ቦታ ስምና የአንድ ሰው ስም ብቻ ይጻፉና ደብተሩን ይዝጉት፤ ያ ቀን ተጽፏል ተብሎ ይቆጠር። ከዚያ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህ የልጆች ሥራ ቢመስልም፣ የእኛን የቤት ሥራ በዚያው ዓይነት ምልክት ይቆጣጠሩ ነበርና ቅር አይበልዎት። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ደብተሩ ሳይሞላ ወደ ኋላ ተመልሰው አያርሙ። መቅድሙን የበላው እርማት ነው። ስለዚህም ሰማያዊ እንጂ ቀይ እስክሪብቶ አልላክሁም።

«በቁራጭ የተጻፈ መጽሐፍ አንድ ወጥ አይሆንም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው፣ ደብተሩ በሞላ ጊዜ መጽሐፍ አይሆንም። መደርደሩ፣ መስፋቱ፣ ድግግሙን ማውጣቱ ሌላ ሥራ ነው፤ ለእርሱም የራሱ ጊዜ ይሰጠዋል። እኔ በኮምፒዩተር እየጻፍሁ በየዓመተ ምሕረቱ እለየዋለሁ፤ ከዚያ ተቀምጠን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም እርስዎ ይወስናሉ። ያልተጻፈውን ለመደርደር መጨነቅ ግን እስካሁን የተጓዝንበት መንገድ ነው፣ የትም አላደረሰንም።

ሌሎቹን ምኞቶችዎን አልረሳሁም። የጓሮውን አትክልትና የጣሪያውን እድሳት ለጊዜው ይተዉልኝ፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መጀመር ሦስቱንም ማቆም ነው፣ ጣሪያውንም ወንድሜ ይዞታል። ጥር 7 ቀን ለሥላሴ ንግሥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ እሄዳለሁ ያሉት ግን ከጽሕፈቱ ጋር ይሄዳል፣ ሐኪሙም መራመድ አለብዎት ብሏልና። አሁን ስለ ሥላሴ ዳገት አያስቡ። ጠዋት ሳይሞቅ እስከ ጃንተከል ዋርካ ደርሰው ይመለሱ፤ ደክሞዎት ከሆነ በግማሹ ይመለሱ። ጉልበትዎ ሳያብጥ ከሰነበተ ትንሽ ይጨምራሉ፤ ካበጠ ይቀንሳሉ። ጥር ሲደርስ የሚሆነውን ያን ጊዜ እናያለን፤ ባጃጅ መሳፈርም ኃጢአት አይደለም።

የዓይንዎ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። «ቀስ በቀስ» የምለው ለሁሉ ነገር አይሠራም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ከባድ ውሳኔ ሲሸሽ «ቀስ እያልሁ ነው» ይላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በጠብታ ወይም በመነጽር ለውጥ አይገፈፍም፤ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ሥራው ራሱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ይሠራና ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ከፋፍሎ መሥራት አይቻልም፤ ከፋፍሎ መሥራት የሚቻለው ወደ እርሱ የሚያደርሰውን መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምለምንዎ ስለ ቀዶ ሕክምናው እንዲወስኑ አይደለም። ወንድሜ ረቡዕ መጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይወስድዎታል፤ ሥራችሁ ተመርምሮ ካርድና ቀጠሮ ይዞ መመለስ ብቻ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትዎን በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ መጠየቃቸው አይቀርምና። «መጽሐፉን ልጨርስና ዓይኔን እታያለሁ» ማለትዎን ትሰማለህ ብዬ ለወንድሜ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ መልሱም ተዘጋጅቷል።

ደብተሮቹን፣ እስክሪብቶዎቹንና ጥያቄዎቹ ያሉበትን ፖስታ የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ያደርስልዎታል፤ ቤቱን ስለሚያውቅ አይጠብቁት። እሁድ ማታ ከራት በኋላ እደውላለሁ። ስለ ጤና ሁለት ደቂቃ ካወራን በኋላ ከሳምንቱ የጻፉትን አንዱን ያነቡልኛል፤ ልጆቼም ድምፅ ማጉያው ላይ ሆነው ይሰማሉ። ሒሳቡን እኔ ስለሞላሁ እንዳይዘጉብኝ። ዓይንዎ እስኪታከም ድረስ ማንበቡ ካስቸገረዎት የወንድሜ ልጅ ያንብብ፤ የእጅ ጽሑፍዎን ማንበብ እስኪለምድ ሲንተባተብ እርስዎ ያርሙታል፣ በዚያ እርማት ላይ እኔ ተቃውሞ የለኝም።

በፖስታው ውስጥ ከላይ ያደረግሁት ወረቀት የዚያን ሽማግሌ ስም ይጠይቃል። ስማቸውን ጻፉ ይላሉ እንጂ ማን እንደሚባሉ አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። እሁድ እርሱን ያንብቡልኝ።

አክባሪና ወዳድ ልጅዎ
ከአዲስ አበባ