ብርዳችን ለየቅል ነው

ይድረስ ለደብረ ብርሃኑ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ማን ቀድሞ እንደ ጠፋ ብንከራከር አንጨርሰውም፤ በቀጥታ ወደ ጥያቄህ ልግባ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «የሁለታችንም አገር ብርድ ነው» ብለህ ከሚኒሶታ የአፕል ቅርንጫፍ እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። አልልክም። ያለ ፈቃድ አያሳልፉትም፤ ቢያሳልፉትም አያፈራልህም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሃኒክሪስፕ የተባለው የአፕል ዝርያ ረጅም የብርድ እንቅልፍ ይፈልጋል። የሚጠቅመው ከዜሮ በላይ እስከ 7 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ነው፤ ሰዓቱ ካልሞላለት እንቡጡ በወጉ አይነቃም። አንተ ዘንድ ሌሊቱ ባቄላህን በውርጭ ቢያቃጥልም፣ የቀኑ ፀሐይ ብርዱ የሠራውን መልሳ ታፈርሰዋለች።

የእኔ ትግል ሌላ ነው። እዚህ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ደካማ ሥር መሬት ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ስለዚህ አንቶኖቭካ በሚባለው ጠንካራ የሩሲያ አፕል ሥር ላይ የምፈልገውን አፕል ቅርንጫፍ እቀጥላለሁ። ዛፉ ሳይነቃ በየካቲት ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ባለቤቴ ከጎመኑ አጠገብ ባየችው ቁጥር ታጉረመርማለች። ጎመኑስ አይጎዳውም። የሚጎዳው የአፕል ፍሬ ነው፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ እንቡጡን ይገድለዋል። በሚያዝያ መጨረሻ ሥሩንም ቅርንጫፉንም በሰያፍ ቆርጬ አጣምራቸዋለሁ። ከቅርፊቱ በታች ያለው ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ካልተገናኘ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቅርንጫፉ ከሥሩ ከቀጠነ መሃል ላይ አታስቀምጠው፤ ወደ አንዱ ጠርዝ አስጠጋውና በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ እሰረው።

ለአንተ የሚሆነው እስራኤል ውስጥ የተገኘው አና የሚባለው የአፕል ዝርያ ነው፤ 300 ሰዓት ገደማ ብርድ ይበቃዋል። ከባሃማስ የመጣውን ዶርሴት ጎልደን አጠገቡ ትከል፤ አብረው ስለሚያብቡ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ይሰጣል። ችግኙን ጨንቻ ጠይቅ፤ ከእኛ ዘንድ ይልቅ የጋሞ ደጋ ገበሬዎች ያንተን ችግር ያውቁታል። ፍሬውን ከለቀምክ በኋላ ቅጠሉን በእጅህ አራግፍለት፤ ብርዱ በወጉ ያላስተኛውን ዛፍ እንዲህ አድርገህ እንዲያብብ ትገፋፋዋለህ። ጎረቤት ዛፉን አበላሸ ቢልህ አትስማ።

የማሰሪያውን ላስቲክ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። ቢላዋውን ግን እዚያው አስስለው። እማማን በብዙ ሳምልኝ።

ወንድምህ