ወረቀታችሁ ላይ የወጣው የጥያቄ ምልክት ከየት መጣ?

ይድረስ ለደንበኞቻችን፣

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከመርካቶ ተደወለልን። «የገዢውን ስም በአማርኛ ጻፍኩ፤ ማስረከቢያው ላይ የወጣው ግን ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።» ከዚያ በኋላ ስልኩ እስከ ምሳ አላረፈም። ላደረስንባችሁ መጉላላት ይቅርታ።

ማክሰኞ ማታ የማስረከቢያ ፕሮግራማችንን አዲስ ቨርዥን ጭነን ስለነበር መጀመሪያ የጠረጠርነው እሱን ነው። አሮጌውን መልሰን ሰርቨሩን አጥፍተን አበራነው። ጥያቄ ምልክቱ ንቅንቅ አላለም! የሚገርመው፣ አራት ኪሎ ቢሯችን ያለው የሙከራ ሰርቨር ያንኑ ወረቀት በአማርኛ አሳምሮ ያወጣል። ፕሮግራሙ የተሠራበት ቋንቋ፣ ጃቫ፣ በሁለቱም 17ኛው ቨርዥን ነው። ፕሮግራሙም አንድ ነው።

ነገሩ የተገለጠልን የሁለቱን ሴቲንግ አትመን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስንዘረጋ ነው። አንዲት መስመር ተለየች፤ ኮምፒውተሩ ፊደልን በየትኛው ኮድ እንደሚጽፍ የምትነግረው። የሙከራው ዩቲኤፍ 8 (የአማርኛንም ፊደል የሚጽፈው ኮድ) ይላል፣ ዋናው አስኪ። አስኪ የሚያውቀው 128 ምልክት ብቻ ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንዱም የለበትም። ጃቫ ደግሞ መጻፍ ያልቻለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል።

ለረቡዕ አጥቢያ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) አልዘለቀም። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ ተነሳ፣ ፕሮግራሙንም ራሱ አስነሳ። ወትሮ ግን በእጃችን፣ ከራሳችን ተርሚናል (ትእዛዝ ከምንጽፍበት መስኮት) ነበር የምናስነሳው። ያኔ ጃቫ የቋንቋ ሴቲንጉን ከእኛ ይወርሳል። ራሱ ሲነሳ የሚያወርሰው የለም። በመብራቱ ማላከክ አምሮን ነበር፤ እውነቱ ግን የሙከራውን ሰርቨር አንድም ቀን ራሱ እንዲነሳ አድርገን ሞክረነው አናውቅም። ጥፋቱ የኛ ነው።

አሁን ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ማስነሻ ፋይሉ ላይ በግልጽ ጽፈነዋል። ከጃቫ 18 ወዲህ ሌላ ካልተነገረው ጃቫ ለፋይል የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ ወደ አዲሱ ስንሻገር ይህ ጣጣ ይቀላል።

ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ስም አልተነካም። ፊደሉ የጠፋው ወረቀቱ ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የረቡዕን ማስረከቢያ ከፍታችሁ እንደገና አትሙት። ቸኩላችሁ ስሙን በላቲን ፊደል የቀየራችሁ ካላችሁ ግን ወደ አማርኛው መልሱት፤ አለዚያ አንዱ ገዢ ፍለጋ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይመጣባችኋል።

ቅዳሜ ማታ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ዋናውን ሰርቨር ሆን ብለን አጥፍተን ራሱ ሲነሳ እናየዋለን። በዚያች ሰዓት ፕሮግራሙ አይከፈትላችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል