በፈረንጅ ሰዓት የሚፈተኑ አዛውንቶች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመርሳት በሽታን ከጅምሩ ይለያሉ የሚባሉ የስልክና የታብሌት መተግበሪያዎች በዝተዋል። ውጭ አገር ሆነው በቪዲዮ እየደወሉ ወላጆቻቸውን በእነዚሁ የሚፈትኑ ልጆችም አሉ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ቅሬታዬ ነጥቡ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚለካው የአዛውንቱን ማስታወስ ሳይሆን የፈረንጅ ሰዓትና ቀን መልመዳቸውን ነው።

ሞንትሪያል ውስጥ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2005 ለኅትመት የበቃው ሞካ የተባለው ባለ 30 ነጥብ ፈተና ክብ ሰዓት ያስስልና «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር» አድርጉበት ይላል። ልክ የሚባለው አጭሩ ዘንግ 11 ላይ፣ ረጅሙ 2 ላይ ሲሆን ነው። ጥያቄው እንዳለ ወደ አማርኛ ከተገለበጠ ግን፣ በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት እያዩ በእኛ አቆጣጠር ሲያነቡ የኖሩ አባት አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ያደርጉታል። አልተሳሳቱም! አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የእጃቸው ሰዓት የሚያሳየው 5ን ነው። ወረቀት ይዞ አጠገባቸው የተቀመጠ ነርስ «ለምን 5 ላይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በራሱ የሚያርም ሶፍትዌር ነጥብ ቀንሶ ያልፋል።

ቀንም እንደዚያው ነው። «ጳጉሜን 3» ያሉ እናት ልክ ናቸው፤ ስልኩ ግን የሚያውቀው ሴፕቴምበር 8ን ብቻ ነው። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን በአንድ ደቂቃ መቁጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ«ፈ» ጀምሩ ሲባሉ ፊደል፣ ፋኖስ፣ ፍየል ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? መመሪያው አስቀድሞ ካልወሰነ ሁለት ፈታኝ ሁለት ውጤት ያወጣል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከነአካቴው አይሆንም፤ በደቂቃ ስንት እንስሳ እንደሚጠሩ ማየቱ ይሻላል።

ንግግር ቀድተው ቃል የሚቆጥሩት መሣሪያዎች በእንግሊዝኛ የተለማመዱ ከሆነ «አልነገርኳቸውም» ለእነሱ አንድ ቃል ብቻ ነው። ማን፣ ለማን፣ መቼ እና አሉታው ሁሉ እዚያው ውስጥ መሆኑን አያዩም።

ስክሪኑም ራሱ ያሳስታል። የደረቀ ጣት አንዳንዴ አይነበብም፤ አዛውንቱ ደግመው ይጫናሉ፣ ስልኩ ስሕተት ወይም መዘግየት ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ጣትን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ መነጽር ማስደረግ፣ በደንብ በሚሰሙበት ጆሮ በኩል መናገር፣ ነጥብ የማይያዝበት ልምምድ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሠራት ያስፈልጋል። ከጎን ሆኖ መልስ የሚያንሾካሹክ ልጅ ከክፍሉ ይውጣ። ቡናቸውን ሳይጠጡም አትፈትኗቸው።

ነጥቡ ሲመጣ ሒሳቡን እናስላ። ከ1,000 አዛውንቶች 100ዎቹ ችግሩ አለባቸው፣ መሣሪያውም በሁለቱም ወገን 80 በመቶ ልክ ነው እንበል። 80 ታማሚዎችን ያገኛል፣ 20 ያመልጡታል፤ ከ900 ጤነኞች ደግሞ 180ውን «ችግር አለባቸው» ይላል። ከተጠቆሙት 260 ሰዎች ከግማሽ በላዩ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሰው «ጃጁ» አይባሉም። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና የድባቴ ምልክት ይታይ፤ የሚወስዱት መድኃኒትም ይቆጠር፤ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ማስታወስን ያደበዝዛሉና። ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቋንቋ ይደገምና ከራሳቸው የቀድሞ ውጤት ጋር ይነጻጸር። በየሳምንቱ መፈተን ግን ፈተናውን ማስለመድ ነው፤ ነጥቡ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ቤተሰብም ይጠየቅ፤ ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማሉ? የገንዘብ ሒሳብ ይምታታባቸዋል? የለመዱትን ወጥ መሥራት ተሳናቸው?

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ ስልኩን አስቀምጣችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ከሰላምታ ጋር