«ምነው ሞቼ ባረፍኩት» እና መጠይቁ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ራስን የማጥፋት ስጋት መለኪያ መጠይቅን ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች ስለማስማማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ እዚህ እስራኤል ክሊኒክ ውስጥ አማርኛና ዕብራይስጥ አስተረጉማለሁ። አጠገቤ ያለው ክፍል ደግሞ የሩሲያኛ አስተርጓሚዋ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ስለ ትርጉሙ ብዙ አውርታችሁ ጥያቄውን የሚሰማውን ሰው ረስታችሁታል።

ቃሉማ ቀላል ነው። አንዱ ወደ ሩሲያኛ ይተረጉመዋል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያመጣዋል፤ ከዚያ ሁለቱን ማመሳከር ነው። ጣጣው የሚመጣው ቃሉ ትክክል ሆኖ ሰሚው ሌላ ነገር ሲሰማ ነው።

ባልደረባዬ እንደነገረችኝ ሩሲያኛ ተናጋሪ በጣም ሲገረም «መሞት፣ አለመነሳት» ይላል። ሲምል ደግሞ እንደኛው «እኔ ልሙት» ዓይነት ነገር አለው። ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ሞትኩ። ይኸው፣ እኔም አልኩት።

አሁን በአሜሪካው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን ራስን የማጥፋት ስጋት መጠይቅ እንውሰድ። ብዙ አገር የሚሠራበት ነው። መጀመሪያ «ሞቼ በነበር ወይም ተኝቼ ባልነቃሁ ብለው ተመኝተዋል?» ይላል። ቀጥሎ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ለየብቻ የተቀመጡት በምክንያት ነው። መሞትን መመኘትና ራስን ለማጥፋት ማሰብ አንድ አይደሉም።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጀመሪያውን ስጠይቃቸው «የማይመኝ ማን አለ ልጄ? ምነው ሞቼ ባረፍኩት ሳልል የዋልኩበት ቀን የለም» አሉኝ። ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛውን ስጠይቃቸው ከወንበሩ ተነሱ። «እኔ? ራሴን? ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ!» ለሐኪሙ ማስረዳቱ ከመጠይቁ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። አንድ ወጣት ለሁሉም ጥያቄ «የለም» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደኔ ዞሮ «ብቻ በቃኝ» አለኝ፣ በአማርኛ። «በቃኝ» መጠይቁ ላይ የለም። ለሐኪሟ ነገርኳት፤ ሮጣ መለሰችው፤ ረጅም ሰዓት አወሩ።

በየክሊኒኩ የሚሞላው ባለ ዘጠኝ ጥያቄው የድብርት መጠይቅ ደግሞ ይብሳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻላል ማለትንና ራስን መጉዳትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ «ስንት ቀን?» ይላል። አንድ ምልክት ይደረጋል፤ የቱን እንደመለሱ ማን ያውቃል?

ሌላው አጠራር ነው። ወረቀቱ ላይ «አስበህ/አስበሽ» ብሎ የሚያትም ሰው የ70 ዓመት አባት ፊት ተቀምጦ አያውቅም።

የሩሲያኛው ከባድ ሸክም ግን ቋንቋው አይመስለኝም። በሶቪየት ዘመን የአእምሮ ሕክምና የመንግሥት መሣሪያ ሆኖ ነበር። መንግሥትን የተቃወመ ሰው «በዝግታ የሚሄድ ስኪዞፍሬኒያ» የሚባል የአእምሮ በሽታ አለበት ተብሎ ሆስፒታል ውስጥ ይዘጋበት ነበር። በነገሩ የመጣው ወቀሳ ስለበረታ የሶቪየት የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1983 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም የሥነ አእምሮ ማኅበር ለቆ ወጣ። ተራውም ሰው ቢሆን የአእምሮ ሕሙማን መዝገብ ውስጥ ስሙ ከገባ ሥራውንና መንጃ ፈቃዱን ያሳስበዋል። «ኡቾት» ይሉታል። ይህን ያየ ሰው ስለ ሞት ሲጠየቅ ምን ይላል? «ኒዬት» ይላል፣ «የለም» ማለት ነው። ሁሉም ኒዬት። መጠይቁ ደህና ነው ይላል፤ ሰውየው ደህና ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ መጠይቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከማተማቸው በፊት ከጥቂት አዛውንትና ወጣቶች ጋር ይቀመጡ። «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን ገባዎት?» ብለው ይጠይቁ። በራሳቸው ቃል ያስደግሟቸው። ደግሞ መጠየቁን አትፍሩት። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደሚለው መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። እዚህ አገር በዚህ ሐሳብ የተጨነቀ ካለ 1201 ይደውል።

ባልደረባዬ አሁን መጠይቁን ከመጀመሯ በፊት ወረቀቱን ለሰውየው ታሳየዋለች። ማን እንደሚያነበው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ ትነግረዋለች። ሻይም ትጋብዘዋለች፤ ይህቺኛዋ መመሪያው ውስጥ የለችም። ከዚያ ነው የመጀመሪያውን ጥያቄ የምታነብለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስተርጓሚ፣ ከእስራኤል