ጉዳዩ፦ «ድንጋይ ነው እኮ» ስለተባልኩበት ሣጥን

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደረሰኙንና የፈቃዱን ቅጂ ሦስት ጊዜ ስለሰጠኋችሁ አልደግመውም። ፋይሉ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ያ ሌላ ቅሬታ ነው።

የምጽፈው ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተመርምረው በእናንተ በኩል ስለተመለሱት 41 የጥንት ባልጩት ስብርባሪዎች ነው። ስለ ሰኞው ልንገራችሁ። ዓርብ ዕለት የጉምሩክ ባለሙያው ሣጥኑን እኔ ባለሁበት ፈትሾ አሸገው። የቅርንጫፋችሁ ኃላፊም «ከዚህ በኋላ አንቺ ሳትኖሪ ማንም አይከፍተውም፤ ሰኞ 4 ሰዓት ነይና ውሰጂ» አሉኝ። በሰዓቱ ደረስኩ። ሣጥኑ የመጣው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሣጥኑም የእኔ ሣጥን አይደለም። «የድሮው ስለተጎዳ ቀየርነው» ተባልኩ። ስከፍተው 41ዱም የባልጩት ስብርባሪ አንድ ፌስታል ውስጥ ተዘርግፏል። መለያ ወረቀቶቹ ለብቻቸው በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። በሥርዓት ታስረው!

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አልኩ። መስኮት 2 ላይ ያለው ወጣት ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «እህቴ፣ ድንጋይ ነው እኮ። ቁጥሩ ጎደለ? አልጎደለም» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ።

ቁጥሩስ አልጎደለም። ግን ይህ ባልጩት የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ከሚቆፈርበት ከመልካ ቁንጡሬ የተገኘ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ነው፤ አጠገቡ ያለው መንደር ስሙ ራሱ ባልጩት ነው። እዚያ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባልጩት ሲጠረብ ኖሯል። አንዷ ስብርባሪ የምትናገረው ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣች ሲታወቅ ነው። መለያዋ ሲለያት እውነትም ድንጋይ ሆነች። ልጁ አልተሳሳተም። ድንጋይ ያደረጋችኋት ግን እናንተ ናችሁ።

እርግጥ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። እስቲ 41 ጥቁር ስብርባሪ ከፎቶ ጋር አመሳስሉ! ደግሞ ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ነው፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጠርዙ ይሸራረፋል። የጥንቱን ሰው ጭረት ከእናንተ መኪና ጭረት አሁን ማን ይለየዋል? ውጭ ያለው ላቦራቶሪ በኤክስሬይ ሲመረምራቸው አንዲቱንም አልሰበረም።

ዕቃው የእኔ ቢሆን እንኳ በተውኩት። የአገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከነመለያቸው እንደወጡ ልመልሳቸው የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነገ ሌላ ፈቃድ ስጠይቅ የሚታየው የእኔ ፊርማ እንጂ የእናንተ ፌስታል አይደለም።

መጀመሪያ የፈለግሁት ይቅርታ ብቻ ነበር። በስልክ «እንደውልልሻለን» ከተባልኩ ይኸው 12 ቀን ሆነ። ስለዚህ አሁን ሣጥኑን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተው በጽሑፍና በማኅተም ይሰጠኝ። የማጓጓዣው ክፍያም ይመለስልኝ። ራሳችሁ ላዘገያችሁት 9 ቀን የመጋዘን ኪራይ ማስከፈላችሁን ሳልረሳ፣ እሱም ይመለስ። ቅጹ ላይ «የግንባታ ናሙና» ተብሎ የተጻፈውም ይታረም፤ ያኔ ስነግራችሁ «ለውጥ የለውም» ብላችሁኝ ነበር። ወጣቱም ሰው ሲያነጋግር ስልኩን ያስቀምጥ።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ እጠብቃለሁ። በስልክ አይሁን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ፈቃዱን ለሰጠኝ መሥሪያ ቤት (ከፌስታሉ ፎቶ ጋር)