ለዳኜ፦ ስለ ቴስቶስትሮኑ መርፌ

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኜ፤

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። የቤተሰቡን ወሬ በስልክ እንጨርሰዋለን፤ ለድካሙና ለፍላጎት መቀነሱ ክሊኒኩ ያዘዘልህን የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ልጀምር ወይ ብለህ የጠየቅኸኝ ጉዳይ ግን መርፌው ከመጀመሩ በፊት መልስ ይፈልጋልና ወደዚያው ልግባ።

የላክኸውን ውጤት አየሁት። ጠቅላላ ቴስቶስትሮንህ 280 ናኖግራም በዴሲሊትር ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ከ300 በታች የሆነውን ዝቅተኛ ይለዋል፤ ቢሆንም ክሊኒኩ ቸኩሏል። ደምህ የተቀዳው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ያውም ምሳ በልተህ ነው። ሆርሞኑ ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ ምግብም ያወርደዋል። ምርመራው የሚታመነው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር)፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ሲሠራ ነው። አንተ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ስለሆንክ ይህን ለሐኪሙ ንገረውና ከእንቅልፍህ በተነሣህ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ይቀዳ። ታመህ ሳለህ አትመርመር፤ ሕመም ራሱ ቁጥሩን ይጥለዋል።

ድጋሚውም ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይፈለግ። ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉት ሆርሞኖች ምርመራ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ፤ አንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ ወጥተው የዘር ፍሬን የሚያሠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ከፍ ብለው ቴስቶስትሮኑ ከወረደ ችግሩ የዘር ፍሬው ጋ ነው። እነሱም አብረው ከወረዱ፣ ወይም ከፍ ማለት ሲገባቸው ንቅንቅ ካላሉ፣ ችግሩ ከፒቱታሪው ወይም ከአንጎል ነው፤ ያኔ ፕሮላክቲን የተባለው ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞንና በደም ያለው የብረት መጠን ይታያሉ፣ አንዳንዴም የጭንቅላት ኤምአርአይ ይከተላል። በደም ውስጥ ቴስቶስትሮንን አጣብቆ የሚይዘውን ኤስኤችቢጂ የተባለ ፕሮቲንም አስጨምር። ውፍረት ይህን ፕሮቲን ስለሚቀንሰው፣ ጠቅላላው ቁጥር አንሶ ነፃው (ያልተያዘው) ሆርሞን ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማንኮራፋትህንም አትደብቅ። በእንቅልፍህ ትንፋሽህ የሚቆራረጥ ከሆነ ድካሙም የፍላጎት መቀነሱም ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ መርፌውም ሊያባብሰው ይችላል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን ማለትህ ነው። ይህን ክሊኒኩ ጠይቆሃል? ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ፒቱታሪን ዝም ያሰኘዋል፤ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፣ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ የወንድ ዘር ምርቱ እስከ ዜሮ ሊደርስ ይችላል። ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ወንድነትን ይመልሳል እየተባለ የሚሸጥ መድኃኒት ለጊዜውም ቢሆን መካን ማድረጉን ሻጩ ቶሎ አይነግርህም። ስለዚህ ባለቤትህ ሳታረግዝ አትጀምር። አሁኑኑ የዘር ቆጠራ ይሠራልህ። ችግሩ ከፒቱታሪው ወይም ከአንጎል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክሎሚፊን ወይም ኤችሲጂ የተባሉት መድኃኒቶች የራስህን ምርት ሊያነሣው ስለሚችል ስለ እነዚህ ሐኪሙን አነጋግር።

ከዚያ በኋላ ካስፈለገ የተለመደው የቴስቶስትሮን ሳይፒዮኔት (በዘይት የተሠራው መርፌ) መጠን በሳምንት ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ነው። ክሊኒኩ በሳምንት 200 ያለህ የዚህ እጥፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ ይንገሩህ። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ብልቃጥ በአንድ ሚሊሊትር 200 ሚሊግራም የያዘ ስለሆነ 100 ሚሊግራም ማለት ግማሽ ሚሊሊትር ነው፤ ሚሊግራምና ሚሊሊትር አደናግረው እጥፍ የሚወጉ አሉ። ዘይቱ ወፍራም ነውና በወፍራሙ በ18 ቁጥር መርፌ ቅዳና ከ23 እስከ 25 ቁጥር ባለው ቀጭን መርፌ ቀይረህ፣ የጭንህ ውጫዊ ጎን መካከል ላይ ቀስ ብለህ ውጋ። በብርድ ፍሬ ፍሬ ከሠራ ሞቅ አድርገህ ስትንጠው ይሟሟል።

ቆዳ ላይ የሚቀባ ጄልም አለ፤ 1.62 በመቶው ፓምፑን በቀን ሁለት ጊዜ በመጫን፣ ማለትም በ40.5 ሚሊግራም ይጀመራል። እኔ ግን ለአንተ አልመርጠውም። ከቆዳ ወደ ቆዳ ስለሚተላለፍ ትንሿን ልጅህን ስታቅፍ ይደርስባታል። ያለጊዜው የጉርምስና ምልክት ያሳዩ ሕፃናት በመገኘታቸው የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል።

ክትትሉን አታስታጉል። ከመጀመርህ በፊት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሄማቶክሪትህ (ከደምህ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ይለካ፤ መርፌው ደምን ያወፍራል። ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ምክንያቱ ይጣራል፣ በኋላም በአነስተኛ መጠን ይቀጠላል። የምትኖርባት ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች መነሻህ ራሱ ከፍ ሊል ይችላል፤ በደጋ ለሚኖር ሰው ከ50 በላይ ከሆነ ሳይጣራ ባይጀመር ይመከራል። ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራም ይታይ፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች ለፕሮስቴት ካንሰር ይበልጥ ተጋላጭ ተብለው ስለሚመደቡ 4 ናኖግራም በሚሊሊትር ሳይደርስ፣ ከ3 ጀምሮ ነው ጥያቄ የሚነሣው። የቴስቶስትሮኑ መጠን የሚለካው በሁለት መርፌዎች መካከል ባለው ቀን ነው። በተወጋህ ማግስት ብትለካ ቁጥሩ ያታልልሃል።

ልብን ይጎዳል ወይ ላልከው፣ በ2023 የታተመው ትራቨርስ የተባለ ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ5,000 በላይ ወንዶችን ተከታትሎ ሃርት አታክና ስትሮክ ከማስመሰያው መድኃኒት አንጻር እንዳልበዛ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በመርፌ ሳይሆን በጄል ነው፤ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የሚረጋ ደም ግን በጄሉ በታከሙት በዛ ብለው ታይተዋል፤ እግርህ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርህ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ለጊዜው ለክሊኒኩ አትፈርም። የቤተሰብ ሐኪምህ ወደ ኢንዶክሪኖሎጂስት (የሆርሞን ስፔሻሊስት) ይጻፍልህ። የድጋሚው ውጤት ሲመጣ ሙሉውን ገጽ ላክልኝ፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና የላቦራቶሪውን መደበኛ ወሰን የሚያሳየውን ጭምር።

ወንድምህ